ስለ ጥቍሩ የእሳት ራት ታሪክ

ሌሊት በመብራት ዙሪያ የሚንከራተተውን ክንፋም ነፍሳት የአማርኛ ተናጋሪ «የእሳት ራት» ብሎ ሲጠራው ፍጻሜውን በስሙ ላይ ጽፎለታል። ዳሩ ግን ለዚህ ፍጥረት እሳት የሚያጋጥመው አልፎ አልፎ ነው፤ የዘወትር ጠላቱ ወፍ ነው። ሌሊት ሲበር የሌሊት ወፍ ያሳድደዋል፤ ጎሕ ሲቀድ ደግሞ ዛፍ ላይ ዐርፎ፥ ክንፉን ዘርግቶ፥ እስኪመሽ ድረስ ሳይነቃነቅ ይውላልና በዚያን ጊዜ የቀን ወፎች ይፈልጉታል። የሚነድፍበት መርዝ ወይም የሚነክስበት ጥርስ የለውም። በቀን ብርሃን ልሽሽ ብሎ ቢነሣም ሽሽቱ ራሱ ያስይዘዋል። እንግዲህ የቀረለት መከላከያ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ባለበት ሳለ እንደሌለ መምሰል ነው።

ከእነዚህ ነፍሳት አንዱ፥ በእንግሊዝ አገር ጫካ የሚኖረው፥ ሥራው መሰወር ሲሆን ስሙ ከወገኖቹ ሁሉ ይልቅ የታወቀ ሆነ። ስለ እርሱ ከመቶ ዓመት በላይ ሊቃውንት መርምረዋል፥ ተከራክረዋል፥ አንዱ ሌላውን በሐሰተኛነት እስከ መክሰስም ደርሰዋል። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

እንግሊዞች ይህን የእሳት ራት የሚጠሩት በቁንዶ በርበሬ ስም ነው፤ ነጣ ያለው ክንፉ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስላልና። የስዊድኑ ሊቅ ካርል ሊኔ በ1758 ዓ.ም. በፍጥረታት መዝገቡ ሲያገባው በርች ከሚባለው ዛፍ ስም ወስዶ «ቤቱላሪያ» አለው፤ ዛሬ በሊቃውንት ዘንድ «ቢስቶን ቤቱላሪያ» ይባላል። ክንፎቹ ሲዘረጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ አምስት ሳንቲሜትር ያህል ናቸው። በመዳፍ ላይ አድርገው ሲያዩት ነጭና ጥቍር ዝንጕርጕር ልብሱ ጐልቶ የሚታይ ነው፤ በእንደዚህ ያለ ልብስ ከማን ይሰወራል ያሰኛል። ነገር ግን አየሩ ንጹሕ በሆነበት ጫካ የዛፎቹ ግንድና ቅርንጫፍ በዛፍ ሽበት ተሸፍኖ፥ ነጭና ግራጫ ሆኖ፥ በጥቋቍር ነጠብጣብ ተዥጐርጕሮ ይገኛል። የእሳት ራቱ በዚያ ላይ ዐርፎ ክንፉን ልጥፍ ሲያደርግ የክንፉ ዳርቻ ይጠፋና ከቅርፊቱ ጋራ አንድ ይሆናል። ስፍራውን አይቶ ዐይኑን ለጥቂት ጊዜ ዘወር ያደረገ ሰው ተመልሶ ሲፈልገው በጭንቅ ያገኘዋል።

ዕድሜው አጭር ነው። ክንፍ አውጥቶ የሚበርበት ወራት ከግንቦት እስከ ነሐሴ ሲሆን፥ ከዚያ ወዲህ ምንም አይበላም፤ ትል ሳለ ባከማቸው ስብ ጥቂት ቀን ይሰነብታል። ሴቲቱ ሽታዋን በሌሊት ነፋስ ትሰዳለች፤ ወንዱም ያን ተከትሎ ይመጣል። እስከ ሁለት ሺህ የሚደርሱ እንቍላሎች በቅርፊት ስንጥቅ ውስጥ ትጥላለች። የተፈለፈሉት ጥቃቅን ትሎች ከሐር ክር ተንጠልጥለው ነፋስ ወደ ወሰዳቸው ዛፍ ይበተናሉ፤ ቅጠል በልተው ካደጉ በኋላ ወደ መሬት ወርደው፥ አፈር ውስጥ ገብተው፥ በቅርፊት ተጠቅልለው የብርዱን ወራት ያሳልፋሉ። የነፍሳቱ ቍጥር ከዓመት ወደ ዓመት ባለበት እንዲቈይ ከአንዲት እናት ልጆች ሁለቱ ብቻ ለመውለድ ቢደርሱ ይበቃል። የቀሩት ሁሉ በወፍ፥ በሌላ ነፍሳት፥ በበሽታና በብርድ ያልቃሉ። ይህን ቍጥር አንባቢው በልቡ ይያዘው፤ የነገሩ ሁሉ ሥር እርሱ ነውና።

የትሉ አደባበቅ ደግሞ ከእናቱ ይልቅ የሚያስደንቅ ነው። ሲሄድ ስንዝር እንደምትለካ እጅ ወገቡን እያጐበጠና እየዘረጋ ይሄዳል። ሲያርፍ ግን በኋላ እግሮቹ ቅርንጫፉን ጨብጦ፥ ቀሪ ሰውነቱን አግድም ወደ ውጭ አቅንቶ ቀጥ ይላል፤ በዚያን ጊዜ ከጭራሮ ለይቶ የሚያውቀው የለም። ጭንቅላቱ በመካከሉ የተሰነጠቀ ስለ ሆነ የቡቃያ ጫፍ ይመስላል። ይህም አልበቃውም፤ ቀለሙን እንደ ተቀመጠበት ጭራሮ ይለውጣል፤ በለምለም ቅርንጫፍ ላይ ያለው አረንጓዴ፥ በደረቅ ላይ ያለው ቡናማ ይሆናል። የኦክስፎርዱ ኤድዋርድ ፑልተን ይህን በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በፈተና አሳይቶ ነበር። ነገር ግን ትሉ የጭራሮውን ቀለም በምን ያውቃል የሚለው ጥያቄ ብዙ ዘመን ቈየ። በ2019 የታተመ ምርመራ መልሱን አገኘ። መርማሪዎቹ የትሎቹን ዐይን በጥቍር ቀለም ሸፍነው በልዩ ልዩ ቀለም እንጨት ላይ አኖሩአቸው፤ ትሎቹም ዐይናቸው ተሸፍኖ ሳለ እንጨታቸውን መስለው ተገኙ። በቈዳቸው ብርሃንን ይለያሉ ማለት ነው።

ትሉ እንዲህ ቀለሙን እንደ ስፍራው ይለውጣል፤ ክንፍ ያወጣው ግን ይህ ችሎታ የለውም። ከወላጆቹ የወረሰውን ልብስ ለብሶ ይወጣል፥ በዚያው ልብስ ይሞታል። ጫካው ራሱ ቢለወጥ ምን ይሆናል? የታሪኩ ሁለተኛ ክፍል ከዚህ ይጀምራል።

በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ19ኛው መጀመሪያ የእንግሊዝ ሰሜን መልኩ ተለወጠ። ማንቸስተር ጥጥ የሚፈትሉና የሚሸምኑ ፋብሪካዎች የመሉባት ከተማ ሆነች። የፋብሪካዎቹ ምግብ የድንጋይ ከሰል ነበር፤ ጭሱም ሌሊትና ቀን ሳያቋርጥ በአገሩ ላይ ይወርድ ነበር። በጭሱ ውስጥ ያለው የድኝ አየር የዛፉን ሽበት ገደለው፤ ጥላሸቱም የተራቈተውን ቅርፊት አጠቈረው። ለብዙ ሺህ ዘመን ነጭ ዝንጕርጕር የነበረው የጫካ ግንድ የወጥ ቤት ግድግዳ መሰለ። በዚያ ላይ የሚያርፈው ነጭ የእሳት ራትም በጥቍር ጨርቅ ላይ እንደ ወደቀ ዱቄት ከሩቅ የሚታይ ሆነ።

በ1848 በማንቸስተር ከራሱ እስከ ክንፉ ጫፍ ጥቍር የሆነ አንድ ተያዘ። ነገሩን በ1864 በጽሑፍ ያስታወቀው ኤድልስተን የተባለ የነፍሳት ሰብሳቢ ነው። በመጀመሪያ ጥቍሩ የሰብሳቢዎች ብርቅ ነበረ፤ ቈይቶ ግን ብርቅነቱ ቀረ። በ1895 በማንቸስተር ከመቶ 98ቱ ጥቍር ሆነው ተገኙ። ይህ ነፍሳት በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚራባ ስለ ሆነ፥ በመካከሉ ያለፈው አርባ ሰባት ትውልድ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ማቅናት ይገባል። የእሳት ራቱን ያጠቈረው ጥላሸቱ አይደለም፤ አንድ ነጭ የእሳት ራት በጭስ ውስጥ ስለ ኖረም ጥቍር ልጅ አይወልድም። ጥቍረቱ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ የዘር ውርስ ነው። የሊቨርፑል መርማሪዎች በ2016 ሥሩን አገኙት፤ ዲ ኤን ኤ በሚባለው የውርስ ጽሕፈት ውስጥ፥ «ኮርቴክስ» በተባለው ክፍል ላይ፥ ሃያ ሁለት ሺህ ያህል ፊደል የሚሆን ቍራጭ ከሌላ ስፍራ ዘልሎ ገብቶአል። ይህም የሆነው በ1819 ገደማ እንደ ነበረ በስሌት ደረሱበት። ስለዚህ ጥቍሩ የእሳት ራት ማንም ሳይመዘግበው ሠላሳ ዓመት ያህል ኖሮ ነበር ማለት ነው።

ይህ ለውጥ በጥቂት ትውልድ አገር የሞላው ስለ ምን ነው? በ1896 ቱት የተባለ እንግሊዛዊ የነፍሳት ዐዋቂ የሰጠው መልስ ግልጽ ነበረ፤ በጠቈረው ጫካ ወፎች ነጩን አይተው ይበሉታል፥ ጥቍሩን ግን ያልፉታል። ሐሳቡ መልካም ነበረ፤ ዳሩ ግን ምስክር አልነበረውም። ወፍ ተቀምጦ ያለ የእሳት ራትን ሲለቅም ያየ ማን ነው ብለው ብዙዎች፥ ይልቁንም የወፍ ዐዋቂዎች፥ ጠየቁ። በ1924 ሆልዴን የተባለ የስሌት ሊቅ ነገሩን በቍጥር መረመረውና፥ ጥቍሮቹ በዚህ ፍጥነት አገሩን እንዲሞሉ ከነጮቹ አንድ ተኩል እጥፍ የሚሆን ልጅ ማትረፍ እንደሚገባቸው አሳየ። እንደዚህ ያለ ብርቱ ብልጫ በተፈጥሮ ውስጥ ይኖራል ብሎ የገመተ ሰው በዚያን ዘመን እምብዛም አልነበረም። በዚያው ዘመን ሄስሎፕ ሃሪሰን የተባለ ሌላ ሊቅ ጥቍረቱ የሚመጣው ትሉ ከቅጠል ጋራ ከሚበላው የብረታ ብረት ቅመም ነው ብሎ ጻፈ፤ ሌሎች ግን ፈተናውን ደግመው ቢሞክሩት ያለውን ውጤት አላገኙም።

ምስክሩን ፍለጋ የወጣው በርናርድ ኬትልዌል ነው። ትምህርቱ ሕክምና ሲሆን ልቡ ግን በነፍሳት ላይ ነበርና በኦክስፎርድ ለዚህ ሥራ ተቀጠረ። በ1953 በበርሚንግሃም አጠገብ ጭስ ወዳጠቈረው ጫካ 447 ጥቍርና 137 ነጭ የእሳት ራቶችን ይዞ ገባ። ወፍ በማያየው ስፍራ፥ ከክንፋቸው በታች፥ በቀለም ነጠብጣብ ምልክት አድርጎ በዛፎች ላይ ለቀቃቸው፤ ሌሊት ደግሞ በመብራትና ሴቶቹን በሣጥን ውስጥ በማኖር የተረፉትን መልሶ ያዘ። ከጥቍሮቹ 123ቱ ሲገኙ ከነጮቹ የተገኙት 18 ብቻ ነበሩ።

ይህ ብቻ ቢሆን ጥቍሩ በባሕርዩ የበረታ ነው ሊባል ይቻል ነበር። ስለዚህ በ1955 ጭስ ወዳልደረሰበት ወደ ዶርሴት፥ ሽበቱ እስካሁን በዛፍ ላይ ወዳለበት ጫካ ሄዶ ፈተናውን ገልብጦ ሠራው። በዚያ ከ496 ነጮች 62 ተመልሰው ተያዙ፤ ከ473 ጥቍሮች 30 ብቻ። ኒኮ ቲንበርገን የተባለው ሆላንዳዊ፥ ኋላ በ1973 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው፥ አብሮት ሄዶ ነበርና በመደበቂያ ውስጥ ተቀምጦ ወፎቹ ሲለቅሙ በፊልም አነሣቸው። በዶርሴት ሲበሉ ከታዩት 190 የእሳት ራቶች 164ቱ ጥቍሮች፥ 26ቱ ነጮች ነበሩ። አይተን አናውቅም ይሉ ለነበሩት የወፍ ዐዋቂዎች ፊልሙ መልስ ሆነ።

በዚያው ዓመታት ጭሱ ራሱ ፍርድ ተቀበለ። በታኅሣሥ 1952 ከጉም ጋራ የተደባለቀ የከሰል ጭስ በሎንዶን ላይ አምስት ቀን ተኝቶ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎችን ፈጀ። ከዚህ የተነሣ በ1956 የአየር ንጽሕና ሕግ ወጣ፤ የከሰል ጭስም ከከተሞቹ ላይ ቀስ በቀስ ተነሣ። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ስለ ሰው ሳንባ እንጂ ስለ ነፍሳት ያሰቡ አይመስልም፤ የእሳት ራቱ ግን ፍርዱን ከእነርሱ ጋራ ተካፈለ። ሲረል ክላርክ የተባለው የሊቨርፑል ሐኪም ከ1959 ጀምሮ በሊቨርፑል አጠገብ ባለው መኖሪያው በየዓመቱ የእሳት ራት በመብራት ወጥመድ እየያዘ ይቈጥር ነበር። ይህ ሰው የእናትና የጽንስ ደም ባለመስማማቱ የሚሞቱትን ሕፃናት ያዳነውን መድኃኒት ካገኙት መርማሪዎች አንዱ ነው፤ ወደ ደም ውርስ ምርመራም የገባው በቢራቢሮ ውርስ ምርመራ በኩል ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከመቶ ከ90 የበለጡት ጥቍሮች ነበሩ፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ ከ20 በታች ሆኑ። በአሜሪካ በሚሺጋን አገርም የዚሁ ነፍሳት ወገን እንዲሁ አደረገ፤ በ1959 ገደማ ከመቶ ከ90 በላይ የነበሩት ጥቍሮች በ1990ዎቹ አጋማሽ ወደ 20 ወረዱ።

ነገሩ በዚህ የተፈጸመ ይመስል ነበር። ነገር ግን የእሳት ራቱ የተሰወረው ከወፍ ብቻ አልነበረም፤ ከመርማሪዎቹም ተሰውሮ ነበር። ክላርክና ባልደረቦቹ በሃያ አምስት ዓመት ሥራ በወጥመዳቸው አካባቢ ግንድና ግድግዳ ላይ በቀን ዐርፎ ያገኙት ሁለት ብቻ መሆኑን ገለጹ። በፊንላንድ ሚኮላ የተባለ መርማሪ በ1984 እንዳሳየው፥ ነፍሳቱ ምርጫ ሲሰጠው ከቅርንጫፍ በታች መጠጋትን ይወዳል። እንግዲህ ኬትልዌል በቀን፥ በግንድ ላይ፥ ከልማድ በበዛ ቍጥር አስቀምጧቸው ከነበረ ወፎቹ ያገኙት ማዕድ እንጂ አደን አይደለም የሚል ተቃውሞ ተነሣ። በመማሪያ መጻሕፍት ጥቍሩና ነጩ ጐን ለጐን የሚታዩበት ፎቶግራፍም ብዙ ጊዜ ለማሳያ ተብሎ በሰው እጅ የተደረደረ ነበር፤ ይህ ለማስተማር የተደረገ ቢሆንም ለተጠራጣሪ መሣሪያ ሆነ።

በ1998 የካምብሪጁ ማይክል ማጄረስ እነዚህን ጕድለቶች በመጽሐፉ ውስጥ ራሱ ዘርዝሮ ጻፈ። ጻፈ እንጂ የነገሩን ሥር አልካደም፤ ወፎች መርጠው መብላታቸውን ያምን ነበር። አንባቢዎቹ ግን ጕድለቱን ይዘው ድምዳሜውን ተዉት። በ2002 አንድ መጽሐፍ ወጥቶ ኬትልዌልን ቍጥር በማሳመር ጠረጠረው። ኬትልዌል በ1979 ሞቶ ነበርና መልስ ሊሰጥ አልቻለም። ኋላ መዝገቦቹን የመረመሩ ሰዎች የማጭበርበር ማስረጃ አላገኙም፤ ይሁን እንጂ ሙት ከተከሰሰ በኋላ ማስረጃ የለም ማለት ስሙን ፈጽሞ አያነጻውም። ክሱን የሚያፈርሰው ፈተናውን ያለ ጕድለት ደግሞ መሥራት ብቻ ነበር።

ማጄረስ ይህን ሥራ በ2001 በካምብሪጅ በመኖሪያው አትክልት ስፍራ ጀምሮ ነበርና ስድስት ዓመት ቀጠለበት። በመሸ ጊዜ ቅርንጫፎችን በመረብ ጠቅልሎ በእያንዳንዱ መረብ ውስጥ የእሳት ራት ይለቅቃል፤ ነፍሳቱም ሌሊቱን በርሮ የሚተኛበትን ስፍራ ራሱ ይመርጣል። ከመንጋቱ በፊት መረቡን ያነሣል። ፀሐይ ከወጣች ከአራት ሰዓት በኋላ ተመልሶ ማን እንዳለ፥ ማንስ እንደ ጠፋ ይቈጥራል። በዚህ ዐይነት ያሰፈራቸው 4,864 ነበሩ። በመስኮት አጠገብ አቅርቦ በሚያሳይ መነጽር እየተመለከተም፥ ሮቢንና ብላክበርድ የሚባሉት የሚገኙባቸው ዘጠኝ ዓይነት ወፎች ሲለቅሙአቸው በገዛ ዐይኑ አየ። የሌሊት ወፍ ግን፥ አዳኙ በድምፅ እንጂ በቀለም የማይመራ ስለ ሆነ፥ ጥቍሩን ከነጩ አይለይም ነበር። ይህንም ለብቻው ፈትኖ አረጋገጠ።

ነፍሳቱ የሚያርፍበትንም ስፍራ ዛፍ ላይ እየወጣ ፈለገ። በተፈጥሮ መኝታቸው ላይ ካገኛቸው 135 የሚበልጡት በቅርንጫፍ፥ ያውም አብዛኞቹ ከሥሩ፥ ተጠግተው ነበር፤ ከሢሶ ጥቂት የሚበልጡት በግንድ ላይ፥ የቀሩት በጭራሮ ላይ ነበሩ። ግንዱን መርጦ ማሳየት ሙሉ እውነት አልነበረም፤ ፈጽሞ ሐሰትም አልነበረም። የወፎቹም ነገር ኬትልዌል እንዳለው ሆኖ ተገኘ። ጭሱ በተነሣበት በዚህ አትክልት ጥቍሩ በየቀኑ ከነጩ ይልቅ ከመቶ ዘጠኝ በሚያህል ይበልጥ ይጠፋ ነበር። ሥራው ሲጀመር በአካባቢው ከመቶ 12ቱ ጥቍሮች ነበሩ፤ ሲፈጸም ወደ አንድና ሁለት ወርደው ነበር።

ማጄረስ ውጤቱን በነሐሴ 2007 በስዊድን አገር በኡፕሳላ ለተሰበሰቡ ሊቃውንት ተናገረ። በመጽሔት ሳያሳትመው ግን ታመመና በጥር 2009 በ54 ዓመቱ ሞተ። ኩክ፥ ግራንት፥ ሳኬሪና ማሌት የተባሉ አራት ሊቃውንት ቍጥሮቹን መርምረው በ2012 አሳተሙአቸው፤ በጽሑፉም ራስጌ ላይ የማይክል ማጄረስ የመጨረሻ ፈተና መሆኑን ጻፉበት።